በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም፦ ስህተትን ስለሚያጋልጠው ፓይተን

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በስልክ ከዶርም ወደ ዶርም ሲዛመት፣ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ባሉ ኤቲኤሞች ፊት በውድቅት ሌሊት ሰልፍ ተሠራ። በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት 490 ሺህ ገደማ የገንዘብ እንቅስቃሴዎች ተካሄዱ። ከ800 ሚሊዮን ብር በላይም ያለአግባብ ወጣ። ባንኩ ነገሩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ፣ ከመደበኛ የሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ ችግር መሆኑን አስታወቀ። የቀረውን ሁሉም ያስታውሰዋል። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው ገንዘቡን እንዲመልሱ ማሳሰቢያ አወጡ፤ ባንኩ ያልመለሱትን ሰዎች ስም ዝርዝር ይፋ አደረገ፤ የሀገሩ ክርክር ሁሉ ስለ ሥነ ምግባር ሆነ።

ስለ ሥነ ምግባር መከራከር ተገቢ ነበር። ግን አንድ ጥያቄ ሳይነሳ ቀረ። አንድ የሶፍትዌር ስህተት ሕዝብ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ማን፣ የት፣ በምን መሣሪያ ሊያየው ይገባል?

በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ደግሞ ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለው ኢኒሼቲቭ ተጀመረ። ዕቅዱ በሦስት ዓመት ውስጥ አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በኢንተርኔት ማሠልጠን ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ኮዲንግ የሚሰማው ዜና በአብዛኛው የቁጥር ዜና ነው፦ ይህን ያህል ተመዘገበ፣ ይህን ያህል ሰርተፍኬት ወሰደ።

ቁጥሩ መልካም ነው። ነገር ግን ኮድ የሚጽፍ ሰው መብዛቱ ብቻውን የተሻለ ሶፍትዌር አይሰጥም። ስህተትን ቶሎ የማጋለጥ ልማድ ካልታከለበት፣ የሚበዛው የስህተት ምንጭ ነው። ይህን ልማድ የሚያስተምር መሣሪያ ደግሞ በነፃ አለ። የሚነካው ግን ጥቂት ነው። እሱም የፓይተን «ዲበግ» ቅጂ ነው።

▪️ ሦስት ፊደል፣ ዘጠኝ ባይት

ነገሩን በአንዲት ከተማ ስም ማየት ይቻላል። ሸነን በምዕራብ ሸዋ ዞን የጅባት ወረዳ ከተማ ናት። በአምቦ ዩኒቨርሲቲ ሀጫሉ ሁንዴሳ ካምፓስ ቴክኖሎጂ የሚማር አንድ ተማሪ፣ ለመመረቂያ ፕሮጀክቱ የወረዳ ነዋሪዎችን መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም ይሠራል እንበል። የሚጽፈው በፓይተን ነው፤ ለመማር ቀላል ስለሆነ የብዙ ሰው የመጀመሪያ ምርጫ እሱ ነው።

ፓይተን እ.ኤ.አ. በ1991 በሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም ለሕዝብ የቀረበ ቋንቋ ነው። ተማሪው የሚጽፈውን እያንዳንዱን መስመር እያነበበ የሚፈጽም «ኢንተርፕሬተር»፣ ማለትም አስተርጓሚ ፕሮግራም አለው። ይህ አስተርጓሚ ራሱ የተጻፈው ሲ በተባለው ቋንቋ ነው። አስተርጓሚ መሃል ሲገባ ሥራ ይዘገያል። ስለዚህ ከባድ ከባዱ ሥራ በሲ ተጽፎ፣ አስቀድሞ ወደ ማሽን ቋንቋ ተቀይሮ፣ ከፓይተን ጋር ይገጠማል። ይህ «ኤክስቴንሽን» ይባላል። የመረጃ ትንተና የሚማር ሁሉ የሚያውቃቸው ናምፓይና ፓንዳስ ፍጥነታቸውን ያገኙት ከእንዲህ ዓይነት ኤክስቴንሽን ነው።

ተማሪው የነዋሪዎችን ስምና አድራሻ የሚያስተካክለው ክፍል ስለዘገየበት፣ ያንን ክፍል ብቻ በሲ ይጽፈዋል። ለእያንዳንዱ ቃል በኮምፒውተሩ ሚሞሪ ላይ ቦታ መጠየቅ አለበት። «ሸነን» ስንት ፊደል ነው ብሎ ፓይተንን ሲጠይቅ መልሱ 3 ነው። ለቃሉ ማብቂያ ምልክት አንድ ጨምሮ 4 ባይት ቦታ ይጠይቃል።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ዩቲኤፍ-8 በተባለው የጽሑፍ አቀማመጥ አንድ የግዕዝ ፊደል የሚይዘው 3 ባይት ነው። ስለዚህ «ሸነን» 9 ባይት ነው፤ ከማብቂያው ጋር 10። አራት ባይት ተጠይቆ አሥር ተጻፈ። በአራት ሰው ወንበር አሥር ሰው ተቀመጠ ማለት ነው።

ተማሪው ይህን ያያል? በጭራሽ። የመጀመሪያ ሙከራውን ያደረገው በቁቤ በተጻፉ ስሞች ከሆነ፣ እያንዳንዱ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ብቻ ስለሆነ ሁሉ ነገር ልክ ነው። በአማርኛ ሲሞክረውም አይወድቅም። ምክንያቱም በ64 ቢት ኮምፒውተር ላይ የተለመደው ፓይተን ሚሞሪ ሲያድል በ16 ባይት መደብ ነው። አራት ለጠየቀ 16 ይሰጠዋል። አሥሩ ባይት ሳይጠየቅ በተገኘው ትርፍ ቦታ ላይ ያርፋል። ስህተት ነው፣ ግን ይሠራል።

አሁን ያው ፕሮግራም «ምዕራብ ሸዋ» የሚለውን ይቀበል። ክፍት ቦታው ተቆጥሮ 7 ነው፤ 8 ባይት ይጠየቃል፤ 16 ይሰጣል። የሚጻፈው ግን 20 ባይት ነው። ትርፉ 4 ባይት የጎረቤትን ቦታ ደረመሰ። ጎረቤቱ ማን ነው? አንዳንዴ ማንም ያልያዘው ባዶ ቦታ ነው። አንዳንዴ ፓይተን ራሱ ቀጣዩን ባዶ ቦታ የሚያገኝበት አድራሻ የተቀመጠበት ነው። አንዳንዴ ደግሞ የሌላ ነዋሪ መረጃ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሰኞ ይሠራል፣ ማክሰኞ ይወድቃል። ሲወድቅም የሚወድቀው ስህተቱ ካለበት መስመር ርቆ፣ ምንም ጥፋት በሌለበት መስመር ላይ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሳይወድቅ የአንዱን ሰው መረጃ በሌላው ላይ ጽፎ ዝም ማለቱ ነው።

ሁለት ፊደል ጎን ለጎን በሚሠራበት አካባቢ ይህ ተራ ጉዳይ አይደለም። በምዕራብ ሸዋ አንድ ሰው ቀበሌ ላይ ስሙ በቁቤ ይጻፋል፤ የፋይዳ ካርዱ ላይ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይታተማል። በአንዱ ፊደል ብቻ የተፈተነ ሶፍትዌር ግማሹን ሕዝብ ሳይፈትን ሥራ ጀመረ ማለት ነው።

▪️ ምስጢር የማይጠብቀው ቅጂ

የፓይተን ዲበግ ቅጂ ከዚያው ከመደበኛው የፓይተን ምንጭ የሚሠራ ነው። ልዩነቱ ሲገነባ የራስ ምርመራዎች ይከፈቱለታል። ፍጥነቱን ሰውቶ ጥርጣሬን ይመርጣል።

መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሚሞሪን ነው። ቦታ ሲሰጥ ከፊትና ከኋላው አጥር ያጥራል፤ አጥሩም 253 በሚል ቁጥር የተሞሉ ባይቶች ናቸው። አዲስ የተሰጠውን ቦታ በ205፣ የተለቀቀውን ደግሞ በ221 ይሞላዋል። ቦታው ሲመለስ አጥሩን ይፈትሻል። አንዲት ባይት እንኳ ከተለወጠች ፕሮግራሙን እዚያው አቁሞ፣ ስንት ባይት ተጠይቆ እንደነበርና አጥሩ የቱ ጋ እንደፈረሰ ጽፎ ያሳያል። ስለዚህ በመደበኛው ቅጂ በሰላም ያለፈው «ሸነን»፣ በዲበግ ቅጂ በመጀመሪያው ሙከራ ይጋለጣል። ተማሪው 4 ጠይቆ አጥር ማፍረሱን ገና ከክፍል ሳይወጣ ያውቃል። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ የፊደሉን ቁጥር ትቶ የባይቱን ብዛት መጠየቅ።

ሁለተኛ የሚጠረጥረው ቆጠራን ነው። ፓይተን በእያንዳንዱ ነገር ላይ ስንት ተጠቃሚ እጁን እንዳሳረፈ ይቆጥራል። ቁጥሩ ዜሮ ሲደርስ ነገሩን ያስወግደዋል። በፓይተን የሚጽፍ ሰው ይህ ሥራ በራሱ ይሠራለታል፤ በሲ ኤክስቴንሽን የሚጽፍ ግን በእጁ መቁጠር አለበት። አንድ መቀነስ ከረሳ ሚሞሪው ቀስ በቀስ ይሞላል። አንድ አብዝቶ ከቀነሰ ሌላው ገና እየተጠቀመበት ያለ ነገር ከእጁ ላይ ይጠፋል። የዲበግ ቅጂው ቆጠራው ከዜሮ በታች ሲወርድ ይጮኻል። በተጨማሪም የሁሉንም ነገር ድምር ቆጠራ ያሳያል። አንድን ሥራ ሺህ ጊዜ ደጋግሞ ድምሩ ከፍ ከፍ እያለ ከሄደ፣ የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ ማለት ነው።

ይህ በቢሮ ቋንቋ ምን ማለት ነው? ጠዋት በፍጥነት የሚሠራ፣ ከሰዓት በኋላ የሚንቀራፈፍ ሲስተም ማለት ነው። ተገልጋይ ወረፋ ይዞ ይቆማል፣ ሠራተኛው «ሲስተም የለም» ይላል፣ የአይቲ ባለሙያው ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ያበራዋል። ለጊዜው ይሠራል። በነጋታው ያው ነው። ጥፋቱ በኔትወርክ ወይም በኮምፒውተሩ እርጅና ይሳበባል። ሁለቱም ምክንያት ሊሆኑ ይችላሉ። ግን ያልተቀነሰ አንዲት ቆጠራም ልትሆን እንደምትችል የሚጠረጥር የለም፤ ምክንያቱም መደበኛው ቅጂ ምንም አልተናገረም።

▪️ «አይገጥምም» የሚለው ሰበብ

ስለ ዲበግ ቅጂ የሚነገር አንድ የቆየ ቅሬታ አለ፤ ከኤክስቴንሽኖች ጋር አይገጥምም የሚል። ቅሬታው ድሮ እውነት ነበር። የዲበግ ቅጂው እያንዳንዱን ነገር በሚሞሪ ላይ የሚያስቀምጥበት ቅርፅ ከመደበኛው ይለይ ስለነበር፣ ለመደበኛው የተሠራን ኤክስቴንሽን መጫን አይችልም ነበር። ናምፓይን ለመጠቀም ናምፓይን እንደገና ከምንጩ መገንባት ያስፈልግ ነበር። ደካማ ላፕቶፕ ላለውና ኢንተርኔት ለሚቆራረጥበት ተማሪ ይህ ከባድ ነው።

ነገር ግን በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ከወጣው ፓይተን 3.8 ጀምሮ ይህ ችግር በሊኑክስ ላይ ተቃሏል። ለተመሳሳይ የፓይተን እትም የተሠራን መደበኛ ኤክስቴንሽን የዲበግ ቅጂውም ይጭነዋል። በኡቡንቱ ደግሞ ዲበግ ቅጂው ተዘጋጅቶ እንደ ማንኛውም ሶፍትዌር ይጫናል፤ አንድ ጊዜ ወርዶ በፍላሽ ሊዞርም ይችላል።

በዊንዶውስ ላይ ችግሩ አልጠፋም። እዚያ የዲበግ ቅጂው የሚፈልገው ለዲበግ ተብሎ የተሠራና በስሙ መጨረሻ ላይ ለዚሁ የተመደበ ምልክት ያለበትን ኤክስቴንሽን ነው። መደበኛውን አያነሳም። ብዙ ቤተ ሙከራ ዊንዶውስ ስለሚጠቀም፣ መምህሩ ሞክሮ «አይሠራም» ብሎ ቢተወው አይፈረድበትም።

ግን ለእሱም መንገድ አለ። ከ3.7 ጀምሮ መደበኛው ፓይተን ራሱ «ዴቭ ሞድ» የሚባል የልማት ሁኔታ አለው። ሲነሳ አንዲት ትእዛዝ ብቻ ይጨመርለታል። የሚሞሪው አጥር ይታጠራል፣ በሌላ ጊዜ የሚደበቁ ማስጠንቀቂያዎች ይታያሉ፣ ፕሮግራሙ ድንገት ሲወድቅም የት መስመር ላይ እንደነበር ይጻፋል። የ«ሸነን» ስህተት በዚህም ይያዛል። የዲበግ ቅጂውን ሙሉ ምርመራ አይተካም፤ ግን ምንም ካለማየት በእጅጉ ይሻላል። የሚያስከፍለውም ብር የለም።

▪️ የማይችለውን አለማስቻል

ለአንድ መሣሪያ የሚከራከር ሰው ወሰኑንም መናገር አለበት። የዲበግ ቅጂው ዘገምተኛ ስለሆነ ሕዝብ በሚገለገልበት ሲስተም ላይ አይቀመጥም። ቦታው ቤተ ሙከራና የፍተሻ ክፍል ነው። በመደበኛ መንገድ የተሠራ ኤክስቴንሽን ቢጫንበትም፣ የኤክስቴንሽኑ የራሱ ውስጣዊ ምርመራ አይከፈትም፤ ድምር ቆጠራውም ሊያሳስት ይችላል፤ ኤክስቴንሽኑ በውስጡ የሚያደርጋቸው ለውጦች አይመዘገቡምና። የተሟላ ምርመራ የሚፈልግ ኤክስቴንሽኑንም በዲበግ መልክ ሊገነባው ይገባል። ከፓይተን ሳይጠይቅ በቀጥታ በሲ መንገድ ሚሞሪ የሚወስድ ኮድ ደግሞ ከአጥሩ ውጭ ነው፤ ለእሱ ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ፣ የሐሳብ ስህተትን አይይዝም። መቀነስ ሲገባው የደመረ ፕሮግራም ሚሞሪውን በሥርዓት ይዞ በሰላም ይደምራል። እንዲህ ዓይነቱን የሚይዘው ሰው የጻፈው ፈተና ነው፦ መቶ ብር ያለው ሰው ሁለት መቶ ሊያወጣ ሲል ምን ይሆናል? የባንክ ሲስተምን የሚጠብቀው በዋናነት ይህ ጥያቄ ነው። ዲበግ ቅጂው የሚያስተምረው ግን ከዚያ ጥያቄ በፊት የሚመጣውን አመል ነው፤ «ሠራ» በሚለው ቃል አለመርካትን።

▪️ «ጀማሪን ማስፈራራት ነው» ለሚሉ

አንድ ተገቢ ተቃውሞ አለ። ገና ፊደል የቆጠረን ተማሪ በቀይ ማስጠንቀቂያ ማጥለቅለቅ ከትምህርቱ ያሸሸዋል ይባላል። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እውነት ነው። በፓይተን ብቻ የሚጽፍ ጀማሪም ሙሉ የዲበግ ቅጂ አያስፈልገው ይሆናል። ነገር ግን ማስፈራቱ የመጣው ከመሣሪያው ነው ወይስ ከክፍሉ? ፕሮጀክት ሲቀርብ የሚጠየቀው «ይሠራል ወይ?» ከሆነ፣ ነጥብ የሚሰጠውም ለሚያምር ስክሪን ከሆነ፣ ተማሪው ስህተቱን መደበቅ ይማራል። የሚወድቅበትን ቁልፍ አይነካም። ፈታኞቹ ፊት የሚያስገባው ከዚህ በፊት ሠርቶ ያየውን ስም ብቻ ነው። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ያንኑ አመል ይዞ ይገባል። ከዚያ በኋላ ስህተቱን የሚያገኘው ወረፋ የያዘው ሰው ነው።

ይህ የድሃ ሀገር ችግር ብቻም አይደለም። ኮደሮቹ ሥልጠና በጀመሩበት በዚያው ሐምሌ 2016 ዓ.ም.፣ ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ የደህንነት ድርጅት ያሰራጨው አንድ የማሻሻያ ፋይል፣ ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን ገደማ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ጣለ። አውሮፕላኖች ቆሙ፣ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰረዙ። ድርጅቱ ራሱ ባወጣው ትንተና፣ ፕሮግራሙ 21 መረጃ ሲጠብቅ የቀረበለት 20 ነበር፤ የሌለውን ሃያ አንደኛውን ለማንበብ ከተፈቀደለት የሚሞሪ ቦታ ወጣ። ከ«ሸነን» ታሪክ ጋር ዝምድናው ግልጽ ነው። አንዱ ከድንበሩ አልፎ ጻፈ፣ ሌላው ከድንበሩ አልፎ አነበበ። ገንዘብም ባለሙያም የሞላው ድርጅት ድንበሩን ካልፈተሸ ውጤቱ ያው ነው።

▪️ ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው የመምህራን ሥራ ነው። አምቦም ይሁን ሌላ ዩኒቨርሲቲ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲፈተን አንድ ሙከራ በዴቭ ሞድ፣ ኤክስቴንሽን ያለው ደግሞ በዲበግ ቅጂ ይደረግ። የሙከራው ስሞችም በቁቤ፣ በግዕዝ ፊደልና በሁለቱ ቅልቅል ይሁኑ። ተማሪው ያገኘውን ስህተት፣ እንዴት እንዳገኘውና እንዴት እንዳረመው ጽፎ ሲያቀርብ ነጥብ ይሰጠው። ስህተት ያገኘ የሚሸለምበት ክፍል ውስጥ ስህተት የሚደብቅ አይኖርም።

ሁለተኛው ሥልጠና የሚሰጡ አካላት ሥራ ነው። ሰርተፍኬት ከመቁጠር አልፎ፣ ሠልጣኙ ሆን ተብሎ የተበላሸ ፕሮግራም ተሰጥቶት ብልሽቱን የማግኘት ፈተና ይለፍ። መኪና መንዳት ብቻ የሚያውቅና ሞተር ሲንኳኳ የሚሰማ ሹፌር እኩል አይደሉም።

ሦስተኛው ሶፍትዌር የሚገዙ መሥሪያ ቤቶች ሥራ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ የዜጎችን መረጃ ትክክለኛነትና ደህንነት መጠበቅ የሕግ ግዴታ ሆኗል። ስለዚህ ቢሮው ሲስተም ሲረከብ ማሳያውን አይቶ ከማጨብጨብ ይልቅ የፍተሻ ሪፖርቱን ይጠይቅ። በየትኛው ቅጂ ተፈተነ? በየትኛው ፊደል? ምን ስህተት ተገኘ? «ምንም ስህተት አልተገኘም» የሚል ሪፖርት የሚያኮራ አይደለም፤ የሚያጠራጥር ነው።

አንድ ፕሮግራም በክፍል ውስጥ ሃያ ጊዜ ቢወድቅ የሚጎዳው የተማሪው ኩራት ብቻ ነው። በሌሊት ኤቲኤም ላይ ወይም በወረዳ መዝገብ ውስጥ አንድ ጊዜ ቢሳሳት፣ ዋጋውን የሚከፍለው ኮድ ምን እንደሆነ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ከሸነን ተነስቶ አምቦ ደርሶ «ስምህ ሲስተሙ ላይ የለም» የሚባለው ሰው። አበው በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም ይላሉ። በሽታውን የሚናገር መሣሪያ ተገኝቷል፤ የቀረው በሽታውን ለመስማት የሚፈቅድ ክፍልና ቢሮ ነው።